የጡት ካንሰርን በምሥጢር መታከም ይቻላልን?

በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ስሙ ጮክ ተብሎ የማይጠራ በሽታ ቢኖር ካንሰር ነው። «ያ በሽታ» ይባላል፤ «ክፉው በሽታ» ይባላል፤ አንዳንዴም ምንም ሳይባል ራስ ተነቅንቆ ይታለፋል። አንዲት ሴት ከዕቁብ ትቀራለች፣ ከማኅበር ትቀራለች፣ በሠርግና በክርስትና ላይ አትታይም። የቅርብ ሰው ሲጠየቅ «ሥራ በዝቶባት ነው» ወይም «አገር ቤት ሄዳለች» ብሎ ይመልሳል። ከወራት በኋላ ወይ ዊግ አድርጋና ከስታ ብቅ ትላለች፣ ወይ ደግሞ የለቅሶ ጥሪ ይመጣል። ያኔ «ለካስ ታማ ኖሯል! ምነው ሳይነገረን!» እየተባለ ደረት ይመታል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን አባባል ልጅ ሆኖ ያልሰማ የለም። አባባሉ እየታወቀ ድበቃው ግን ቀጥሏል። የራስን ሕመም ለማንም አለመናገር የእያንዳንዱ ሰው መብት መሆኑ አያከራክርም። የሐሞት ጠጠሩን በቀዶ ሕክምና ያስወጣ ሰው ለጎረቤት የማስታወቅ ግዴታ የለበትም፤ በሁለት ሳምንት ድኖ ሥራው ይገባል። ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ጥምር ኬሞቴራፒ ግን በጠባዩ ለብቻ ተደብቆ የሚወሰድ ሕክምና አይደለም። ወራት ይፈጃል፤ በሽተኛዋ ደኅና መስላ በምትታይባቸው ቀናት አደጋ ላይ የምትሆንበት ጊዜ አለው፤ በእኩለ ሌሊት መኪና የሚያስነሳ ሰው ይጠይቃል። እንግዲህ ሊከራከሩበት የሚገባው ጉዳይ ይህ ነው፤ ብዙዎች የሚፈሩት መድኃኒቱን ሲሆን፣ መድኃኒቱን ይበልጥ አደገኛ የሚያደርገው ግን በዙሪያው የሚጋረደው ምሥጢር ነው።

መድኃኒቱ ለምን ተደራርቦ ይሰጣል?

በአማርኛ ሳንባ ነቀርሳም የጡት ነቀርሳም በአንድ ቃል ይጠራሉ። በሽታዎቹ ዝምድና የላቸውም። አንዱ በጀርም የሚመጣና የሚተላለፍ ነው፤ ሌላው የገዛ አካል ሕዋስ ሥርዓት ጥሶ ሲባዛ የሚፈጠር እንጂ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በሕክምናቸው ታሪክ ግን ይገናኛሉ። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስትሬፕቶማይሲን ለሳንባ ነቀርሳ ብቻውን ሲሰጥ ሕመምተኞች መጀመሪያ ተሻላቸው፤ ቆየት ብሎ ግን ጀርሙ መድኃኒቱን ለመደውና አገረሸባቸው። ሌላ መድኃኒት ሲደረብበት ጀርሙ ማምለጫ አጣ። አገር ቤት ያደገ ሰው ሁሉ የቲቢ መድኃኒት ተደራርቦ እንደሚሰጥ፣ «ተሽሎኛል» ብሎ መሐል ላይ ያቋረጠም እንደሚከፋበት ያውቃል። ኤሚል ፍራይና ኤሚል ፍራይራይክ የተባሉት አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1960ዎቹ በሕፃናት የደም ካንሰር ላይ መድኃኒቶችን አደራርበው ሲሰጡ መነሻ ካደረጓቸው ሐሳቦች አንዱ ይኸው የሳንባ ነቀርሳ ትምህርት ነበር።

ወደ ጡት ካንሰር ሲመጣ የሚነሳው ስም የኢጣልያዊው ሐኪም የጃኒ ቦናዶና ነው። በሚላኖ ከተማ ከ1973 ጀምሮ፣ ጡታቸው በቀዶ ሕክምና ከወጣና ካንሰሩ በብብታቸው ሥር ወዳሉት ዕጢዎች ደርሶ ከተገኘ 386 ሴቶች ለከፊሎቹ ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ሜቶትሬክሴትና ፍሎሮዩራሲል የተባሉ ሦስት መድኃኒቶች በአንድነት ተሰጡ። በ1976 ውጤቱ ሲታተም፣ ክትትሉ 27 ወር ሲደርስ፣ በቀዶ ሕክምና ብቻ ከተለቀቁት ከ100ው በ24ቱ ላይ በሽታው ተመልሶ ነበር፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት ግን ከ100ው 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ጥቅሙ በ1995 ከታተመው የሃያ ዓመት ክትትል በኋላም አልጠፋም። ዛሬ በብዛት የሚሰጠው ዶክሶሩቢሲን ከሳይክሎፎስፋማይድ ጋር፣ ከዚያም ፓክሊታክሴል ተከትሎ ነው።

መድኃኒቶቹ የሚመረጡት እያንዳንዱ ሕዋሱን በተለያየ መንገድ እንዲመታው ነው። ከአንዱ ያመለጠው ሕዋስ በሌላው ይያዛል። በተቻለ መጠን ጉዳታቸውም በአንድ የአካል ክፍል ላይ እንዳይደራረብ ይታሰባል። ስለዚህ አንዷን መድኃኒት «ይቺ ናት ያቃጠለችኝ» ብሎ በራስ ሥልጣን መዝለል፣ ከሦስት እግር በርጩማ አንዱን እግር እንደመቁረጥ ያለ ነገር ነው።

«ኬሞ መርዝ ነው» የሚለውን ወሬ በተመለከተ፣ ተናጋሪው ፈጽሞ ተሳስቷል ማለት አይቻልም። የሳይክሎፎስፋማይድ የዘር ሐረግ ሲቆጠር ወደ ሰናፍጭ ጋዝ ይደርሳል። ፋሽስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሠራዊትና በገበሬው ላይ ከአይሮፕላን ያዘነበችው፣ ቆዳ የሚልጠውና ዓይን የሚያጠፋው የመርዝ ጋዝ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ጋዙ ነጭ የደም ሕዋሳትን እንደሚያጠፋ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ታይቶ ስለነበር፣ በ1942 በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ጉድማንና ጊልማን የተባሉ ተመራማሪዎች የጋዙን የቅርብ ዘመድ በንፍፊት ካንሰር ለታመመ ሰው ሞከሩት፤ ዕባጩም ሟሸሸ። ሳይክሎፎስፋማይድ በጀርመን አገር የተሠራው ከዚያ በኋላ በ1950ዎቹ ነው። ዶክሶሩቢሲን ደግሞ ከኢጣልያ አፈር ከተገኘ ባክቴሪያ የወጣ ነው፤ ቀይ በመሆኑና በጠንካራነቱ በእንግሊዝኛ «ቀዩ ሰይጣን» የሚል ቅጽል አውጥተውለታል። ፓክሊታክሴል በ1962 ከአሜሪካ የዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ደን ከተቀረፈ የዛፍ ልጥ የተገኘ ነው። መርዝና መድኃኒት በመጠንና በአሰጣጥ እንደሚለያዩ ኮሶ የጠጣ ትውልድ በደንብ ያውቀዋል።

የሚታየው ጉዳትና የማይታየው

እነዚህ መድኃኒቶች ፈጥኖ የሚባዛን ሕዋስ ያሳድዳሉ። ካንሰሩ እንዲህ ነው። የጸጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ በአጥንት መቅኔ ውስጥ ያለው የደም ማምረቻም እንዲሁ ናቸው። የጎንዮሽ ጉዳቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ጸጉሩን ነው። ዶክሶሩቢሲን ያለበት ሕክምና ከተጀመረ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ጸጉር በእፍኝ ይወጣል፤ ትራስ ላይ ይቀራል፤ ቅንድብም ሊረግፍ ይችላል። ሕክምናው ሲያበቃ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል። አንዳንድ ሆስፒታሎች ጭንቅላትን የሚያቀዘቅዝ ቆብ አላቸው፤ የመጀመሪያው መሣሪያ በአሜሪካ ለጡት ካንሰር በሽተኞች የተፈቀደው በ2015 ነው፤ ለሁሉም አይሠራም፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ጸጉር ለኢትዮጵያዊት ሴት ምን እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ቢሆንም በጸጉሯ መርገፍ የሞተች ሴት የለችም። የሚያሳዝነው፣ ምሥጢሩን የሚያወጣው እሱ ስለሆነ ብቻ ከሌላው ሁሉ በላይ መፈራቱ ነው።

ማቅለሽለሽና ማስመለስ ሁለተኛው ስጋት ነው። እዚህ ላይ የድሮ ሰዎች የሚያወሩት ነገር ከዛሬው ጋር አይገጥምም። ኦንዳንሴትሮን የተባለው ማስመለስ የሚከላከል መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው በ1991 ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌሎች ተጨምረዋል። ባልዲ ታቅፎ ማደር የግድ መሆኑ ቀርቷል። ክኒኑ ግን ማስመለሱ ከመጀመሩ በፊት ካልተዋጠ ጥቅሙ ያነሰ ነው፤ «እስኪብስብኝ ልቻለው» የሚለው የጨዋ ልጅ ጠባይ እዚህ ላይ አይረዳም። በአፓርትመንት ውስጥ የቁሌት ሽታ፣ የበርበሬ ሽታ፣ ዕጣን፣ ሌላው ቀርቶ የቡና ቁላት የታማሚዋን ሆድ ሊገለብጥ ይችላል። አፍ ሲቆስል ሚጥሚጣው ቀርቶ የእንጀራው መምጠጥ ራሱ ያቃጥላል። ያን ጊዜ አጥሚት፣ ገንፎ፣ ሾርባና የለዘበ አልጫ ይሻላል። ይህን ደግሞ ባለቤቷ ወይም እህቷ ካላወቁ ማን ያዘጋጅላታል?

ፓክሊታክሴል የእጅና የእግር ጣቶችን ያደነዝዛል። መደንዘዝ በጊዜው ከተነገረ ሐኪሙ መጠኑን መቀነስ ወይም መለወጥ ይችላል፤ ከተደበቀ ግን ሊቆይ ይችላል። ጋለ ምጣድ አጠገብ ቆማ እንጀራ የምትጋግር፣ ጸጉር ሠርታ የምትተዳደር፣ ታክሲ የምትነዳ ሴት ይህን ቀላል ነገር አድርጋ ልታየው አይገባም። ዶክሶሩቢሲን ልብን ሊያዳክም ስለሚችል ከመጀመሩ በፊት የልብ ምርመራ ይደረጋል፤ በዕድሜ ዘመን የሚወሰደው ጠቅላላ መጠንም ገደብ አለው። ከተሰጠ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ሽንት ቢቀላ ደም አይደለም፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። ሳይክሎፎስፋማይድ ፊኛን ስለሚያውክ ውሃ በብዛት መጠጣት ያስፈልጋል። መድኃኒቱ በሽንትና በትውከት የሚወጣ በመሆኑ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ልብሷንና መጸዳጃውን የሚያጸዳ ሰው ጓንት ማድረግ ይኖርበታል፤ በቤቱ ነፍሰ ጡር ካለች በተለይ መንገር የግድ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በዓይን አይታይም። መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ዝቅተኛ ደረጃቸው ይወርዳሉ። እነዚህ የሰውነት ወታደሮች ናቸው። አስገራሚው ነገር፣ በዚህ ጊዜ ማቅለሽለሹ ያለፈላት፣ መብላት የጀመረች፣ «ተሻለኝ» የምትል ሴት ልትሆን ትችላለች። ወታደሩ ግን ከድንበር ላይ የለም። በዚህን ጊዜ የሚነሳ ትኩሳት፣ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም በአሜሪካኑ 100.4 ፋራናይት ከደረሰ፣ ተኝተው የሚያሳልፉት ጉንፋን አይደለም። ሆስፒታል ሲደረስ አንቲባዮቲክ በደም ሥር በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲጀመር የሕክምና መመሪያዎች ያዛሉ። የጠፋው ሰዓት ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ለምሳሌ ያህል አንዲት ሴት ትታሰብ። ሁለተኛውን ዙር ከወሰደች አሥር ቀን ሆኗታል። ባሏ የሌሊት ታክሲ ነጂ ነው። አብራቸው የምትኖረው ዘመድ «የደም ማነስ ነው» ተብላለች። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ብርድ ብርድ ይላታል። ሰው መቀስቀስ ምሥጢር ማውጣት ነው። ታይሌኖል ሁለት ፍሬ ትውጥና ብርድ ልብስ ትደርባለች። ታይሌኖሉ ሙቀቱን ያወርደዋል፤ ኢንፌክሽኑን ግን አይነካውም። ሲነጋ ባሏ ሲመለስ መቆም አቅቷታል። ይኸው ታሪክ ሌላ መልክ ሊኖረው ይችል ነበር፤ ዘመዲቱ እውነቱን ብታውቅ ኖሮ ቴርሞሜትር አይታ፣ የሆስፒታሉን የሌሊት ስልክ ደውላ፣ በሃያ ደቂቃ ታደርሳት ነበር። በድንገተኛ ክፍልም መጀመሪያ የሚባለው ቃል «ራሴን አሞኛል» ሳይሆን «ኬሞቴራፒ ላይ ነኝ» ነው። ይህን ቃል ላለመናገር ሲባል ስንት ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠበቃል!

ከ1991 ጀምሮ መቅኔው ቶሎ ነጭ ሕዋሳትን እንዲያመርት የሚያደርግ መርፌ አለ፤ ለብዙዎች ኬሞው በተሰጠ ማግሥት ይሰጣል፤ አጥንት ያስቆረጥማል እንጂ በእጅጉ ይጠቅማል። መርፌው አለ ተብሎ ግን ትኩሳት አይናቅም።

«ኬሞው ነው የገደላት»

ይህ አባባል ከየት እንደመጣ ለማወቅ አገር ቤትን ማስታወስ ይበቃል። ለረጅም ዓመታት በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከክፍለ ሀገር የመጣች ሴት ዕባጩ ቆስሎ፣ በሽታው አጥንትና ሳንባ ገብቶ፣ ተራ ጠብቃ ነበር የምትደርሰው። በዚያ ደረጃ ኬሞ የሚሰጠው ሥቃይ ለማስታገሥና ዕድሜ ለማራዘም እንጂ ለማዳን አይደለም። ጎረቤት ግን ያየው ቅደም ተከተሉን ነው፤ ኬሞ ጀመረች፣ ጸጉሯ ረገፈ፣ ሞተች። ይህን ትዝታ በሻንጣው ይዞ የተሰደደ ሰው፣ ዕባጩ ትንሽ ሳለ የተገኘላትን ሴት «አትንኪው፣ ከተነካካ ይብሳል» ብሎ ይመክራል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው። ውጤቱ ግን በጊዜ የደረሰችውን ዘግይታ ከመጣችው ጋር ማመሳሰል ነው። በ2012 በኦክስፎርድ የሚመራው የተመራማሪዎች ቡድን ወደ 100,000 የሚጠጉ ሴቶች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች አሰባስቦ ሲመረምር፣ ዶክሶሩቢሲንን የመሰለ መድኃኒት ያለበት ኬሞቴራፒ በጡት ካንሰር መሞትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

መጀመር ብቻውን አይበቃም። ቦናዶናና ባልደረባቸው በ1981 ባወጡት ጥናት፣ ከታዘዘላቸው መጠን 85 በመቶና ከዚያ በላይ ከወሰዱት ሴቶች ከ100ው 77ቱ በአምስት ዓመት ውስጥ በሽታው አልተመለሰባቸውም፤ ከ65 በመቶ በታች የወሰዱት ግን ከ100ው 48 ብቻ ነበሩ፣ ይኸውም ምንም ካልወሰዱት 45 እምብዛም አይርቅም። ጥናቱ ወደ ኋላ ተመልሶ የተሠራ በመሆኑ ብቻውን የመጨረሻ ፍርድ አይሆንም፤ አቅጣጫው ግን ከቲቢው ትምህርት ጋር አንድ ነው። በአሜሪካ ጥቁር ሴቶች በጡት ካንሰር የሚሞቱበት መጠን ከነጮቹ ወደ 40 በመቶ በሚጠጋ ይበልጣል፤ በበሽታው የሚያዙት ግን በመጠኑ ያነሱ ናቸው። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የሕክምና መዘግየትና መቋረጥም ከምክንያቶቹ ውስጥ ይቆጠራል።

ከሚያቋርጡት ብዙዎቹ መድኃኒቱ አሸንፏቸው አይደለም፤ ሥራው ነው። በሰዓት የሚከፈለው ሰው ለአለቃው «ታምሜአለሁ» ካላለ፣ የቀረበት ቀን ሁሉ ስንፍና ሆኖ ይቆጠርበታል። በ1993 የወጣው የአሜሪካ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ፣ 50 ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ቢያንስ አንድ ዓመትና 1,250 ሰዓት የሠራ ሰው በዓመት እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስዶ ሥራው እንዲጠበቅለት ያደርጋል። ፈቃዱን ለኬሞው ቀናት ብቻ ቆራርጦ መውሰድም ይቻላል። አስታማሚ ባልም መብቱ ነው። የሐኪም ወረቀት ሳይቀርብ ግን ይህ ሁሉ የለም፤ ተደብቆ የሚገኝ መብት አይደለም።

ማን ያስተርጉም? ማንስ ይንገር?

በመርዶ አነጋገር ኢትዮጵያውያን የታወቀ ሥርዓት አላቸው። ክፉ ወሬ በድንገት አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በተመረጠ ሰው ነው። የሥነ ሰብእ ተመራማሪዋ የውብዳር በየነ በ1992 በአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች ከባድ የሕመም ዜና መጀመሪያ ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ ቢነገር እንደሚመረጥ ለአሜሪካ ሐኪሞች አስረድተዋል። ሥርዓቱ ለሐዘን ቀን ጥሩ ነው። ኬሞቴራፒ ላይ ግን በሽተኛዋ ራሷ ዘበኛ ናት፤ የምትጠብቀውን ሳታውቅ እንዴት ትጠብቅ? «ቫይታሚን ነው» ተብላ በደም ሥሯ የገባላት እናት በአሥረኛው ቀን ትኩሳቷን ለምን ትለካለች?

ከዚህ የባሰው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ነው። እናት ስለ ወር አበባዋና ስለ ተቅማጧ በልጇ አፍ አትናገርም፤ ልጁም «ሊገድል ይችላል» የሚለውን ቃል ለእናቱ አይመልስም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ መሠረቱ የ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ሲሆን፣ የ2010 የጤና ሕግም አጠናክሮታል። የሆስፒታል አስተርጓሚ ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ምናልባት የሰፈር ሰው ይሆናል የሚል ፍራቻ ካለ በስልክ ከሌላ ከተማ እንዲሆን መጠየቅ ይቻላል።

ለሐኪም የሚደበቅ ሌላም ነገር አለ። ጥቁር አዝሙድ በማር፣ ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ከአገር ቤት በሰው የተላከ ሥር። ከእነዚህ ውስጥ ጉዳት የሌለው ሊኖር ይችላል፤ ጉበት ላይ መድኃኒቱን የሚጋፋም ሊኖር ይችላል። ሜቶትሬክሴት ከተራ የራስ ምታት ክኒኖች ከነአስፕሪንና አይቡፕሮፌን ጋር እንኳ አይስማማም። ሐኪሙ ካልሰማ አይመዝንም። ጸበልን በተመለከተ እምነቱን የሚነካ ሰው አይኑር፤ ነጭ ሕዋሳት በወረዱበት ሳምንት ያልተፈላ ውሃ መጠጣትና በደረት ላይ የተተከለ ቱቦ ማራስ ግን የሚያስከትለውን ነርሷ ትንገር፣ ቀኑም ይመረጥ። ጾም ከሆነ ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ለታመመ ሰው ማስገደጃ አላደረጉትም። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ደግሞ ለእነዚህ ወራት ይቆዩ፤ ምግብ ቤት ተቀምጦ ይህን የሚያነብ ሰው ቅር ቢለውም።

ለምን ይደበቃል?

የሚደብቁት ሴቶች ሞኞች አይደሉም። ሐሜት አለ። በቁሟ የሚያለቅስባት፣ ከንፈሩን እየመጠጠ «እግዜር ይማርሽ» ሳይሆን «እግዜር ነፍስሽን ይቀበለው» በሚል ዓይን የሚያያት አለ። ያላገቡ ሴቶች ልጆች ካሏት «በዘራቸው አለ» ይባልባቸዋል ብላ ትሰጋለች። አብዛኛው የጡት ካንሰር በዘር የሚወረስ አይደለም፤ ከ100ው ከ5 እስከ 10 የሚሆነው ግን ነውና፣ እህትና ልጅ ሳያውቁ ሲቀሩ በጊዜ የመመርመር ዕድል ያመልጣቸዋል። ጥየቃውም ራሱ አስፈሪ ነው። ሃያ ሰው ጉንፋን የያዘው ሕፃን ታቅፎ፣ ነጭ ሕዋስ የሌላትን ሴት ሊስም ቤቷን ያጥለቀልቃል። ይህን የምትፈራ ሴት ብትደበቅ ይፈረድባታልን? ጥፋቱ የሷ ብቻ አይደለም፤ ጠያቂውም የአጠያየቅ ለውጥ ማድረግ አለበት። ደውሎ መምጣት፣ ጉንፋን ካለ መቅረት፣ ሳይስሙ ከራቅ ብሎ መቀመጥ፣ ምክር ሳይሰጡ መሄድ።

ለሁሉም ሰው ይነገር የሚል የለም። ሦስት አራት ሰው ይወቅ ነው። ከመጀመሩ በፊትም ለሐኪሙ የሚቀርቡ ጥያቄዎች አሉ፤ እነሱም በዝምታ የሚታለፉ ናቸው። አንደኛ፣ «በእርግጥ ኬሞ ያስፈልገኛልን?» በ2018 የታተመው ትልቅ ጥናት፣ ሆርሞን ተቀባይ የሆነና ወደ ብብት ዕጢ ያልደረሰ ካንሰር ካለባቸው ሴቶች ብዙዎቹ፣ በተለይ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑት፣ የ21 ጂን ምርመራቸው መካከለኛ ውጤት ካሳየ የሆርሞን ክኒን ብቻ እንደሚበቃቸው አረጋግጧል። ሁለተኛ፣ መውለድ የምትፈልግ ሴት ከመጀመሪያው ቀን በፊት ልትናገር ይገባል። ሳይክሎፎስፋማይድ የወር አበባን ያለ ዕድሜው ሊያቆም ይችላል፤ እንቁላልን ማስቀመጥ ወይም የእንቁላል ዕጢዎችን የሚያሳርፍ መርፌ መውሰድ የሚቻለው ቀደም ብሎ ነው። ዓይነ አፋርነት ይህን ጥያቄ ሲያስቀር የሚከፈለው ዋጋ ልጅ ነው።

በየከተማው ዕድር አለ። አስከሬን ወደ አገር ለመላክ በየወሩ ገንዘብ ይሰበሰባል፣ ሒሳቡም በደንብ ይያዛል። በዚያው ስብሰባ ላይ ለታመመ አባል የሚሆን የስም ዝርዝር ማዘጋጀት አንድ ሰዓት አይፈጅም፣ የበሽታውን ስም መጥራትም አይጠይቅም። ለአንዲት ሴት ከአራት እስከ አምስት ወር ለሚሆን ሕክምና አራት ሰው ይበቃል። አንድ በሌሊት ስልክ የሚያነሳና መኪና ያለው፣ አንድ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ፣ አንድ ቁሌቱን በራሷ ቤት አብስላ ምግቡን በር ላይ የምታደርስ፣ አንድ ደግሞ የቤቱን ቁልፍ የያዘችና ከሰባተኛው ቀን ጀምሮ እስከ አሥራ አራተኛው በየማታው «ስንት ዲግሪ ሆነ?» ብላ የምትጠይቅ።